የኮሶ ሜዳው አዛዥ ካባ

የብል መድኃኒት ሽታ ለብዙ ሰው የቁም ሣጥን ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የለቅሶ ሽታ ነው። ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ሀብታሙ ሊያገባ ሲሰናዳ፣ ለመልሱ የሚለብሰውን ካባ አብረሽኝ ምረጪ ብሎ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ የሙሽራ ልብስ አከራይ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሙሽራ ልብስ የማውቀው ነገር የለም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ግን ለዚህ ልጅ እንቢ ማለት አልችልበትም። ሱቁ ውስጥ ካባው በየላስቲኩ ተሸፍኖ ተደርድሯል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወርቅማው፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉንም አንድ መኪና የሰፋው ይመስላል። ሀብታሙ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል፣ እኔ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ልቀመጥ ስል ያ ሽታ መጣብኝ። ዞር ብዬ ሳይ ላስቲክ ያልለበሰ አንድ ጥቁር ካባ ለብቻው ተሰቅሏል። የወርቅ ክሩ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ በግራ ትከሻው ላይ አውራ ጣት የምታህል የተቃጠለች ቦታ በቡናማ ክር ተደርታለች። ያችን ጠባሳ አውቃታለሁ። ስትቃጠል አይቻለሁ።

በእኛ አገር ማዕረግ ከላይ የሚሰጥ እንጂ ከአባት የሚወረስ ነገር አልነበረም። ፊታውራሪው ልጁን ፊታውራሪ አድርጎ አይሞትም፤ ልጁ ራሱ ደጅ ጠንቶ፣ ዘምቶ ያገኘዋል፣ ወይም ይቀርበታል። የኮሶ ሜዳ አዛዥነት ግን ይወረስ ነበር። ኮሶ ሜዳ ከጉና ተራራ ሥር ያለች፣ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ የማይበቅልባት ብርዳም አገር ናት። ሲወራ እንደሰማሁት፣ አንድ ንጉሥ ከነሠራዊቱ እዚያ ሰፍሮ ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ወረደ፤ እንጨት ሁሉ ረጠበ፤ እሳት ጠፋ። የዚያን ጊዜ አንድ የአገሩ ባላባት የራሱን ቤት ጣራ አፍርሶ፣ ማገሩንና ወራጁን እየፈለጠ ለንጉሡ ድንኳን እሳት አነደደ። ንጉሡም ሲነሣ የለበሰውን ካባ አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለለትና፣ አዛዥ ብዬሃለሁ፣ ላንተም ለዘርህም ይሁን አለው። ንጉሡ ማን እንደነበር ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቁ ሦስት ስም ይነግሯችኋል። ካባውም ቢሆን በየዘመኑ ሳይታደስ አልቀረም። እናቴ ደግሞ ይህ ታሪክ በተወራ ቁጥር፣ ቤቱ ሲፈርስ ሚስትዮዋ ምን እንዳለች ግን የጠየቀ የለም ትል ነበር።

ንጉሡ ደብዳቤ አልጻፈም፣ ማኅተም አልመታም። በአፉ ተናግሮ ሄደ። ስለዚህ ማዕረጉ ከአፍ ወደ አፍ ብቻ የሚተላለፍ ሆኖ ቀረ፤ ያ አፍ ደግሞ የእኛ ቤት ነበር። የእናቴ ዘር አልቃሾች ናቸው። አዛዡ ሲሞት፣ በቀብሩ ዕለት ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ይቆማል። አልቃሿ ሙሾዋን ስታወርድ ትቆይና በመጨረሻ ሟቹን በማዕረጉ ሦስት ጊዜ ትጠራለች፤ «አዛዥ እገሌ ሄዱ» እያለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወራሹ ታዞራለች። ወራሹ ራሱን ገልጦ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። እሷም አንድ ጊዜ ብቻ «አዛዥ እገሌ መጡ» ትላለች። ያኔ አንድ ሽማግሌ በብል መድኃኒት ተጠብቆ የቆየውን ካባ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ ሴቶቹም እንባቸው ሳይደርቅ አንድ ጊዜ እልል ይላሉ። በቀብር ላይ እልልታ ሌላ አገር ሰምቼ አላውቅም። አልቃሿ ካልጠራች አዛዥ የለም፤ ቄሱም ሆነ አገረ ገዥው በእሷ ፈንታ ሊጠሩ አይችሉም። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ዜማውን ለራሷ ታንጎራጉረው ነበር፤ እኔም ሳላውቀው አጥንቼዋለሁ።

አዛዥ ዘገዬ ሲሞቱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ አዲስ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መሐል ሜዳ ላይ ስትቆም ሌላ ሰው መሰለችኝ። ወደ ልጃቸው ዞር ብላ «አዛዥ አለነ መጡ» አለች። ካባው ሲያርፍ ከአጠገባቸው ጧፍ ይዞ የቆመው ዲያቆን ተገፍቶ ኖሮ፣ ጧፉ ትከሻቸው ላይ ወደቀና ያችን ቀዳዳ አቃጠለ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ መጥፎ ምልክት ነው ያሉም አልጠፉ። አዛዥ አለነ ግን በመዳፋቸው እፍን አድርገው አጠፉትና፣ በእሳት የተጀመረ ማዕረግ ነው፣ እሳት ቢነካው ምን አለበት ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። መልካም ብቻ ነበሩ አልልም፤ የወሰን ዳኝነት ሲሰጡ ማሩን ላመጣ የሚያደላ ልብ ነበራቸው፣ እናቴም ይህን በግልጽ ትናገር ነበር። ክረምት ላይ ጎተራቸውን ከፍተው አገር ያበሉትም ግን እሳቸው ናቸው።

ያን ዘመን ሳስብ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ልብሱ ነው። ደብረ ታቦር ስማር ሸራ ጫማ ያለው ተማሪ እሑድ እሑድ ያጥበውና፣ ነጭ እንዲመስል ሰኞ ጠዋት በጠመኔ ይቀባዋል፤ የክፍሉ ጠመኔ ሁሉ እግር ላይ ያልቅ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። አንድ ብር ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ጨውና በርበሬዋን ሸምታ፣ ቅቤዋን ጨምራ፣ የምትመልሰው አታጣም። የቡና ቤቱ ባለቤት ሬድዮኑን በመስኮት አውጥቶ ሲያስቀምጠው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ዘፈን ያዳምጣል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። የአዛዥ አለነ ልጅ፣ ልጅ ተድላ፣ ጎንደር ተምረው ለዕረፍት ሲመጡ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ ለብሰው በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። ሱሪው በነፋስ ሲራገብ በቅሎዋ ትደነብራለች፤ እሳቸው ልጓሙን በአንድ እጅ፣ ሱሪያቸውን በሌላ እጅ ይይዛሉ። የመኳንንት ልጅ ማዕረግ እስኪያገኝ «ልጅ» ይባላልና ከትልቅ እስከ ትንሽ ልጅ ተድላ ነበር የሚላቸው። እወዳቸው ነበር ለማለት አሁንም አፍራለሁ። ዐይኔ ግን ይከተላቸው ነበር፤ እናቴም ይህን አይታ ዐይንሽን ሰብስቢ ብላኛለች።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቁ ጽፈውታል፤ እኔ የማውቀው ኮሶ ሜዳን ነው። መሬቱ ተደለደለ። አዛዥ አለነ ትልቁ ቤታቸው ተወስዶ የእህል መጋዘን ሆነና እሳቸው የዘበኛ በነበረችው ጎጆ ገቡ። አዛዥ ብሎ መጥራት ክልክል ሆነ። ሰው በፊታቸው አቶ አለነ ይላቸዋል፤ ዘወር ሲሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዛዥ ይላል። የእናቴ ዘመዶች ሳይቀሩ መሬት በመድረሱ ደስ ብሏቸው ነበር፣ አልዋሽም። እኔም ዕድል ቀንቶኝ ጋፋት አጠገብ ባለች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። በደመወዜ እናቴንና ታናሽ ወንድሜን፣ ማለትም የሀብታሙን አባት፣ አስተዳድራለሁ። ዓመት አልሞላኝም ነበር አዛዥ አለነ ሲሞቱ።

እናቴ በዚያ ወር ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቷል። ወሬው እንደደረሰ ዐይኗን ወደ እኔ መለሰች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ አብሬያት ሄድሁ። ሜዳው ላይ እንደ ድሮው ሕዝቡ ክብ ሠርቷል፤ ነገር ግን ከኮሶው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ወጥቶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከእነሱ አንዱን አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤታችን እየመጣ የሚቆጣጠር ሰው ነው። ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ወደ ሜዳው ስገባ ጠራኝና በትሕትና፣ ማልቀስ መብትሽ ነው፣ አሮጌውን ነገር ግን እንዳታነሺ አለኝ። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ በቃ።

ሙሾውን አወረድሁት። ድምፄ ያን ጊዜ የሚያምር ነበር፤ አሁን ብናገረው ማንም አያምነኝም።

ደጉ ሰው ሄዱ ወይ ቤቱን ባዶ ጥለው፣
እንግዳ ሲመጣ ማን ነው ግባ ’ሚለው።

ሕዝቡ አለቀሰ። እናቴ ከፊቴ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለኛለች። ከዚያ መጥሪያው ደረሰ። ልጅ ተድላ ከሬሳው ራስጌ ወጥተው ቆሙ፣ ራሳቸውን ገለጡ፣ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ካባውን የያዙት ሽማግሌ ከኋላቸው ቀረቡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንበሩን፣ ደብተሩንና እስክሪብቶውን እንጂ ሌላ አላየሁም። «አቶ አለነ ሄዱ» አልሁ፤ ሦስት ጊዜም አይደለም፣ አንድ ጊዜ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁና ተቀመጥሁ። ሕዝቡ ጠበቀ። በነጠላዬ ውስጥ ሆኜ መጠበቁ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ሰው ሲያስል፣ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ቀና ስል ልጅ ተድላ አሁንም አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ። ሽማግሌው ካባውን ቀስ ብለው አጠፉና ክንዳቸው ላይ አደረጉት። ሬሳው ተነሣ።

ሰው ማዕረጉን የሻረው አዋጅ ነው ይላል። አዋጁ ከዚያ በፊት ወጥቶ የለም እንዴ? ከአዋጁም በኋላ እኮ ካባው ተጠብቆ፣ ሽማግሌው ይዘውት፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ነበር። አዛዥነቱ የሞተው እኔ አፍ ውስጥ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ድምፅዋ ሲመለስላት ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አላወጣችም፤ ጥጥ ስትፈትል ግን ከዚያ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድሁ። ስትሞትም ያለ ሙሾ እንድትቀበር ተናዝዛ ነው የሞተችው። እኔም ለማንም ለቅሶ አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ፊደል ሳስቆጥር ኖርሁ። ልጅ ተድላ ታሰሩ ሲባል፣ ተፈቱ ሲባል፣ ሐሙሲት ገበያ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዘው ተቀምጠዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ባሕር ዳር ስሄድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሲቆም ራሴን ወደ ውስጥ መልሼ ነበር የምቀመጠው።

እንግዲህ ባለፈው ጥር በዚያ ሱቅ ውስጥ እጄ የካባው ጠባሳ ላይ እንዳለ፣ ከልብሱ ክምር በስተኋላ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝና በስሜ ጠሩኝ። በድምፃቸው አወቅኋቸው። ሰባን አልፈዋል፤ አንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፣ ስፌቱ ነው ያዘነበለው። ባለሱቋ፣ ጥሩ ሴት ናት፣ ልጅ ተድላን ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለችኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ልጅ ተድላ ይላቸዋል፤ ወጣቶቹ ይህን ሽማግሌ ለምን ልጅ እንደሚሉ እንኳ አያውቁም፣ ቀልድ ይመስላቸዋል። ሀብታሙ በመስተዋት ራሱን እያየ ነው። እኔም ይህን ካባ እስከ ዛሬ አስቀመጡት ወይ አልኋቸው። ያን ቀን ካባውን ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ሳይሞቱ እንደሰጧቸው፣ በኋላም ሲቸግራቸው ለሙሽራ ማከራየት እንደጀመሩ ነገሩኝ። በደብረ ታቦር ያላገባበት ጎረምሳ የለም ብለው ፈገግ አሉ። ሰው ያደንቀዋል፣ ፎቶ ላይ ያምራል ይሉታል።

«አንቱስ ለብሰውት ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«እኔ? ሳልጠራ?» አሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ብርቄ፣ ያን ቀን ጠርተሽኝ ቢሆን ሳምንት አልሰነብትም ነበር። ይኸን አውቃለሁ። ዕድሜ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ግን ይኸው አንገቴን ዝቅ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ቀና በል ያለኝ ሰው የለም።»

አለቀስሁ። በሙሽራ ልብስ ሱቅ ውስጥ፣ የወንድሜ ልጅ እያየኝ፣ አስተማሪነቴንም ሽምግልናዬንም ረስቼ አለቀስሁ። አሁን ልጥራዎት፣ እዚሁ ልጥራዎት አልኋቸው። እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። በቀሚስና በካባ መካከል የሚሆን ነገር አይደለም አሉ፤ ደግሞም ወራሹ ከሟቹ ቀድሞ አይጠራም።

«መጀመሪያ አባቴን ጥሪልኝ» አሉ። «እሳቸው እኮ እስከ ዛሬ አልተሸኙም።»

ኮሶ ሜዳ ሚካኤል ሄደን፣ የአባታቸው መቃብር ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ልንፈጽመው ተስማማን። በዚያው ሳምንት ልንሄድ እንችል ነበር። አሁን መንገዱ ጠጠር ለብሷል፤ ድሮ ግማሽ ቀን የሚያስኬደው በባጃጅ አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ሁለታችንም የዚያው አገር ሰዎች ነን። ሰርግ የደገሰ ቤት ሰው መቃብር ላይ ቆሞ ሙሾ አያወርድም፤ ለሙሽራው አይበጅም። ይህን ማንም ሳይነግረን ሁለታችንም እኩል አነሣነውና፣ መልሱ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን ተባባልን። ሀብታሙ እንባዬን እንዴት እንደሚያቆም ጠፍቶት ኖሮ፣ ያንን ጥቁር ካባ አንሥቶ ይኼ ይሻላል፣ የድሮ ነገር አሁን ፋሽን ነው አለ። ሌላ ምረጥ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን የአልቃሽ የልጅ ልጅ የአዛዦቹን ካባ ለብሶ ሲታይ ማየት አማረኝ፤ ኩራት ነው፣ አልደብቅም። ልጅ ተድላም ኪራይ አልቀበልም፣ ይልበሰው፣ ካባው ሙሽራ ለምዷል ብለው በራሳቸው እጅ አጣጥፈው ሰጡን። ስንወጣ «ቅዳሜ እንዳትቀሪ» አሉኝ።

ሰርጉ እሑድ አማረ። ሰኞ የሙሽሪት ቤተሰብ የመልሱን ግብዣ በግቢያቸው ድንኳን ጥለው አዘጋጁ፤ ሀብታሙም ካባውን ደርቦ ተቀመጠ። እውነትም አምሮበት ነበር። ዶሮው እየቀረበ ሳለ፣ በድንኳኑ ክፍት በኩል ወደ በሩ ስመለከት ሚዜዎቹ አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ከበው ያናግራሉ። ሊያስገቧት አልፈለጉም፤ እየለመኑ ወደ ኋላ ይመልሷታል። ባለሱቋ ናት። ከዚያ የሰማሁትን ለመስማት ሃያ እርምጃ ያህል ነው የሄድሁት፤ ግን ገና ስነሣ ዐውቄዋለሁ። ልጅ ተድላ እሑድ ጠዋት በተኙበት አልፈዋል። ለእኛ ዘመዶች ዕለቱን ተነግሯል። መርዶ ሰርግ ቤት አይገባም ብለው፣ እኔም እንዳልረበሽ፣ ከመልሱ በኋላ እንነግራታለን ብለው ተማክረው ደብቀውኛል። ክፉ አላሰቡም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ሬሳው በማለዳ ወደ ኮሶ ሜዳ ተወስዷል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጅ ተድላ ከቀናት በፊት ድካም ሲሰማቸው፣ ካባዬን ብርቄ ታውቅበታለች ብለዋት ስለነበር፣ ሴትዮዋ እሱን ልትነግረኝ ነው የመጣችው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ወደ ድንኳኑ ተመለስሁና በተጋባዡ ሁሉ መካከል አልፌ ሙሽራው ፊት ቆምሁ። አንገቱ ሥር ያለውን መያዣ ፈታሁት። ሙሽራን በመልሱ ቀን ልብስ መግፈፍ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። የሙሽሪት እናት ከወንበራቸው ተነሡ፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ መቅረጹን አላቆመም።

«ልጄ፣ ባለቤቱ ፈልጎታል» አልሁት።

ሀብታሙ እንዲወጣለት እጆቹን ከፍ አደረገልኝ። የልጁ አባት፣ ወንድሜ፣ ያኔ በደመወዜ ያሳደግሁት ልጅ፣ እንዲሁ ዝም ብሎ የሚታዘዝ ነበር። በዚያች ቅጽበት በዚያን ቀን ሜዳ ላይ ዝም ያልሁት ለማን ብዬ እንደነበር ትዝ አለኝ። ለራሴ ፈርቼም ነበር፣ ግን ለእሱም ነበር። ይህን ለልጅ ተድላ ሳልነግራቸው መቅረቴ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባጃጁ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሣጥኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። ሰዉ ሠላሳ አይሞላም፤ የዕድራቸው አባላትና ጥቂት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የኮሶው ዛፍ ተቆርጧል። ሜዳው ታርሶ ገብሱ ታጭዷል። አንድ መምህር በድምፅ ማጉያ አጭር ትምህርት ሰጥተው ጨርሰዋል። ቄሱን ጥቂት እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው፤ ወጣት ናቸው፣ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ ግን እጄ ላይ ያለውን ካባ አይተው ፈቀዱ። ከጎን ወዳለው ወደ አባታቸው መቃብር ዞርሁ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ የተሰነጠቀ የአሮጊት ድምፅ ነው። «አዛዥ አለነ ሄዱ» አልሁ። «አዛዥ አለነ ሄዱ። አዛዥ አለነ ሄዱ።» ወንበር አውጥቶ የተቀመጠ የለም፣ ደብተር የዘረጋ የለም። ይህን ቃል ለመናገር ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀሁ፤ ለመናገር ግን አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ከዚያ ፊቴን ወደ ሣጥኑ አዞርሁና «አዛዥ ተድላ መጡ» አልሁ፤ ካባውንም በሣጥኑ ላይ አለበስኋቸው። ከኋላ አንዲት ያረጀች ሴት፣ ማን እንደሆነች አላየሁም፣ ቀጭን እልልታ አሰማች። ወጣቶቹ ደንግጠው ዞር ብለው አዩዋት።

ቆፋሪዎቹ ገመዱን ይዘው ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀረብ ብለው፣ ደንቡን የሚያውቁ ናቸው፣ ካባው አፈር አይገባም፣ ለተከታዩ ይቀመጣል አሉኝ። ልክ ናቸው። አዛዥ ተድላ ልጅ አልወለዱም፣ እኅትም ወንድምም የላቸውም። ተከታዩ ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ ዐይናቸው የዕድሩን ሰዎች፣ ባለሱቋን፣ የባጃጁን ሾፌር አልፎ ተመልሶ እኔ ላይ ዐረፈ። ሁሉም እኔን ይጠብቁ ነበር። በዕድሜዬ ሁለተኛ ጊዜ ሕዝብ ቆሞ የእኔን አፍ ጠበቀ።

«አብሯቸው ይውረድ» አልሁ።

ወረደ። «እንዲህ ያለ ካባ!» እያለ አንዱ ወጣት ሲቆጭ ሰማሁት። አፈሩ ካባው ላይ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም፤ በኋላ ድንጋዩ ሲደረደር ነው ድምፅ የሰማሁት። ካባውን ከለበሱ ጀምሮ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ፣ በእኔ ሰዓት ሩብ ሰዓት ያህል፣ ኮሶ ሜዳ አዛዥ ነበራት። ሲጨርሱ መቃብሩ ራስጌ ቆሜ «አዛዥ ተድላ ሄዱ» አልሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ደንቡ፣ ማንንም ሳልፈራ። ከሦስተኛው በኋላ ልማድ ሆኖብኝ ፊቴን አዞርሁ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ሰዉ እጁን ሊታጠብ ወደ ምንጩ እየወረደ ነበር።